ጠዋት ጣና ዳር፣ ማታ ጀሪካን፦ ካርዲዮንና የጡንቻ ሥራን ቤት ውስጥ ለሚጀምር ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ወደ ጣና ዳር ብትወጡ ብቻችሁን አትሆኑም። ቱታ የለበሱ ወጣቶች ይሮጣሉ። ከጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ፈጠን ፈጠን ይላሉ። ብስክሌቱ በጎን ሽው ብሎ ያልፋል። ከተማችን ለካርዲዮ፣ ማለትም እንደ ሩጫና ፈጣን እርምጃ ልብንና ትንፋሽን ለሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ የታደለች ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ ነው፣ የጠዋቱ አየር ከሐይቁ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል።

ስለዚህ እዚህ ስፖርት ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሩጫ ነው። እኔም እንደዚያው ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳላርፍ አስፋልት ላይ ሮጥኩ። በአራተኛው ሳምንት ቅልጥሜ ፊት ለፊቱን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እደገፍ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ ተሻሽሎ ነበር። እግሬ ግን ያን ሁሉ ሩጫ የሚችል ጡንቻ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጀማሪዎችን አይቻለሁ፣ ታሪካቸው ይመሳሰላል። እዚህ ካርዲዮ በራሱ ይመጣል፤ ሁልጊዜ የሚቀረው የጡንቻ ሥራው ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ አካሄድ ይሄ ነው፦ ከሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ ለጡንቻ ቀን ቁረጡለት። ካርዲዮውን በተረፉት ቀናት ሙሉ። ሁለቱን በየቀኑ እኩል ለመሥራት አትጨነቁ። ሚዛኑ የሚታየው ሳምንቱ ሲያልቅ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ ስፖርት አትጀምሩ፤ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። እየሠራችሁ ደረታችሁን ጭንቅ ካላችሁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም ልባችሁ ያለ ሥርዓት ከመታ ወዲያው አቁሙና ወደ ሕክምና ሂዱ። "ትንሽ ልጨርስና" የሚባል ነገር የለም።

ምን ያህል ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ካርዲዮ ይመክራል። ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ላይ ትልልቆቹን ጡንቻዎች የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምቷል። ሁለተኛውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ካርዲዮ ልብንና ሳንባን ያሠለጥናል፣ ደም ግፊትን ለማውረድ ይረዳል። የጡንቻ ሥራ አጥንትን ያጠነክራል፣ ጉልበትንና ወገብን ይደግፋል። ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድ ትልቅ አካል ስለሆነም ለስኳር ቁጥጥር ይጠቅማል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ በየዓመቱ በጥቂቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ካላሠሩት ደግሞ ይብሳል። አዛውንት ከዱካ ላይ ለመነሳት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚደግፉት ለዚህ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ 150 ደቂቃ በመጀመሪያው ሳምንት አይጠበቅባችሁም። በስምንት ሳምንት ነው የምንደርስበት።

ቀኖቹን ያዙ

ለጡንቻ ሰኞንና ሐሙስን ያዙ። ለምን እነዚህን? አንደኛ፣ በመሃላቸው ከ48 ሰዓት በላይ አለ፤ የሠራ ጡንቻ ለማገገም ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ረቡዕና አርብ ጾም ናቸው። የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ሥራ በፍስክ ቀን ማድረጉ ይቀላል፤ ከሥራው በኋላ እንቁላልም ወተትም ይፈቀዳል።

ለካርዲዮ ማክሰኞ፣ አርብና ቅዳሜ ይሁኑ። ቅዳሜ ረዘም ያለው ቀን ነው። ረቡዕ የፈለገ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ያልፈለገ ይረፍ። እሁድ እረፍት ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተሰብ፣ ቡና።

ሥራችሁ ይህን ካልፈቀደ ቀኖቹን ቀያይሩ፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ። ሁለቱ የጡንቻ ቀናት ተከታትለው አይግጠሙ እንጂ ሌላው እንደ ኑሯችሁ ነው። ሰዓቱን ግን ቁርጥ አድርጉት። "ሲመቸኝ እሠራለሁ" ያልኩት ሳምንት ሁሉ ሳይመቸኝ አልፏል።

ዕቃው ቤታችሁ አለ

ጂም መክፈል አያስፈልግም። ውሃ ሲጠፋ እንዲያገለግል ግቢያችሁ ውስጥ የቆመው ጀሪካን ጥሩ ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትሩ ሲሞላ 5 ኪሎ፣ ባለ 20ው ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለትልቁ የፕላስቲኩን ኪሎ ገደማ ጨምሩበት። ጂም ውስጥ ክብደት ለመጨመር ሌላ ብረት መፈለግ አለ። እናንተ አንድ ሊትር ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ስትጨርሱ ውሃው ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።

አንድ ችግር አለው። በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ውስጥ ውሃው ይናጣል፣ እጅ አንጓን ወደ ጎን ይጎትታል። ስለዚህ በአንድ እጅ ለሚሠራ እንቅስቃሴ ትንሹን ጀሪካን እስከ አፉ ሞልታችሁ ተጠቀሙ። ትልቁን በከፊል የምትሞሉት በሁለት እጅ ለምታነሱት ብቻ ይሁን። እጀታው ቀጭን ስለሆነ መዳፍ ይቆርጣል፤ አሮጌ ጨርቅ ጠምጥሙበት። ትንንሽ ክብደት ለሚፈልግ ሁለት ሃይላንድ ይበቃል። ውሃ ሲቀል አሸዋ ሙሉበት፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል።

ከዚህ ሌላ የማይነቃነቅ ወንበር፣ አንድ ዱካ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ፣ እና ደብተር። ደብተሩን አትናቁት።

የጡንቻው ቀን

ከማሟሟቂያ ጋር 35 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ግቢውን ዙሩ፣ ክንዳችሁን አዙሩ፣ ያለ ምንም ክብደት ጥቂት ጊዜ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማሟሟቂያውን ወደ 10 ደቂቃ አስረዝሙ።

አምስት እንቅስቃሴ አለ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሠርታችሁ ስታርፉ አንድ ዙር ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለት ዙር ይበቃል። በዙሮቹ መሃል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ እረፉ። እስክትወድቁ አትሥሩ፤ "ገና ሁለት ልጨምር እችላለሁ" በምትሉበት ላይ አቁሙ። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ስታነሱ አውጡት፣ ስታወርዱ አስገቡት። ትንፋሽ አፍኖ ክብደት ማንሳት ደም ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ከወንበር መነሳት ነው። ስኳት የሚሉት ነው። እግራችሁን የትከሻችሁን ያህል ክፈቱ፣ ጣቶቻችሁ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይዩ። ሦስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ወንበሩ ውረዱ። ዘጭ አትበሉ፤ ቂጣችሁ ወንበሩን ነካ ሲያደርገው ተነሱ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ የእግር ጣታችሁን አቅጣጫ ይከተል። ተረከዛችሁ ከመሬት አይነሳ። 12 ጊዜ ሲቀላችሁ ወንበሩን በዱካ ቀይሩት። ዱካው ዝቅ ስለሚል ሥራው ይከብዳል። እሱም ሲቀል ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ሥሩ።

ሁለተኛው ፑሽ አፕ ነው። ብዙ ሰው መሬት ላይ ይጀምርና በሦስተኛው ወገቡ ይረግባል። ከግድግዳ ጀምሩ። አንድ እርምጃ ራቁ፣ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ፣ ደረታችሁን አስጠግታችሁ ግፉ። 12 ሲሞላ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ በመጨረሻ ወደ መሬት ውረዱ። ከራስ እስከ ተረከዝ ሰውነታችሁ እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል። ክርናችሁን ግራና ቀኝ አትበትኑት፣ ወደ ጎናችሁ ጠጋ ይበል።

ሦስተኛው መሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ወይም ባጃጅ መሪ ላይ ለሚጎብጥ ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገው ይሄ ይመስለኛል። ግራ እጃችሁን ወንበር ላይ ደግፉ፣ ጀርባችሁን ዘርጉ። በቀኝ እጃችሁ የሞላውን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ወደ ዳሌያችሁ ሳቡት። ክርናችሁ ጎናችሁን ታኮ ወደ ኋላ ይሂድ። ከላይ አንድ ሰከንድ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ከዚያ እጅ ቀይሩ።

አራተኛው ከመሬት ማንሳት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። ልጅነታቸውን ሙሉ ከወንዝ ውሃ የተሸከሙ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ማታ ግቢ ውስጥ ባለ 20 ሊትሩን ሳነሳ አዩኝ። ጀሪካኑ ከእግሬ ክንድ ያህል ርቆ ቆሟል፣ እኔ ከወገቤ ተቀንጥሼ ወደ እሱ ተንጠራርቻለሁ።

"ምነው ልጄ፣ ወገብህን ልትቀጨው ነው?" አሉኝ።

"እንዴት ላንሳው እማማ?"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቻቸው መሃል አቆሙት። ቂጣቸውን ወደ ኋላ ላኩ፣ ጉልበታቸውን በጥቂቱ አጠፉ፣ ጀርባቸው እንደተዘረጋ እጀታውን ያዙ። ከዚያ መሬቱን በእግራቸው እንደሚገፋ ሰው ቀጥ አሉ። ጀሪካኑ ከቀሚሳቸው አልራቀም። "ወደ ራስህ አስጠጋው። የሚያነሳው እግርህ ነው፣ እጅህ መያዣ ብቻ ነው" አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ባለ 20ውን 10 ሊትር ሞልታችሁ ጀምሩ። ወገባችሁ ክብ ሲሠራ ከተሰማችሁ ወይ ክብደቱ በዝቷል ወይ ጀሪካኑ ርቋል። ጀሪካኑን ዱካ ላይ አስቀምጣችሁ ከዚያ ከፍታ ብታነሱትም ይቀላል።

አምስተኛው ለሆድና ለወገብ ነው፣ ፕላንክ። በክርናችሁና በእግር ጣታችሁ ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ለ20 ሰከንድ ቆዩ። ከከበደ ጉልበታችሁን መሬት አስነኩ። በአንዳንድ ቀን በፕላንክ ፈንታ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ግቢውን ለአንድ ደቂቃ ዙሩ። ትከሻ ወደ ኋላ፣ አንገት ቀና።

ጭማሪው እንዲህ ነው። አንድን እንቅስቃሴ በሁሉም ዙር 12 ጊዜ፣ ሳይበላሽ፣ በሁለት ተከታታይ የሥራ ቀን ከሠራችሁ በሚቀጥለው አክብዱት። ለማንሳቱ አንድ ሊትር ጨምሩ። ለሌሎቹ ዝቅ ያለ ዱካ ወይም ዝቅ ያለ ጠርዝ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ወደ 8 ወይም 9 ይወርዳል፤ እንደገና ወደ 12 ታሳድጉታላችሁ። ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስንት ሊትር እንዳነሳችሁ በጭንቅላታችሁ አታስታውሱትም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበታችሁ ሲጨምር መስታወት ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ የሚማረው ነርቩ ነው፣ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ይለምዳል። የጡንቻው መጠን የሚከተለው ቆየት ብሎ ነው።

የካርዲዮው ቀን

መካከለኛ ማለት ስንት ነው? ቀላሉ መለኪያ ወሬ ነው። እየተራመዳችሁ ስልክ ቢደወልላችሁ ማውራት ትችላላችሁ፤ ሰውየው ግን "ምነው አለከለክህ?" ይላችኋል። መዝፈን አትችሉም። እዚያ ላይ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጠኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቀስ በሉ።

ቁጥር የምትወዱ ደግሞ ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ። ለ35 ዓመት ሰው 185 ይመጣል። ይህ ከፍተኛው የልብ ምት ግምት ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል። መካከለኛው ሥራ ከዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶው ነው፣ ማለትም በደቂቃ ከ118 እስከ 141 ገደማ። አንገታችሁ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከ30 እስከ 35 ከቆጠራችሁ ደህና ናችሁ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ለኖረ ብዙም አይሰማውም፤ ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ በቅርቡ ለመጣ ግን ትንፋሹ ቶሎ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ ጥቂት ቀን ቀስ ይበል።

በመጀመሪያው ወር አትሩጡ፣ ተራመዱ። ይህን በቅልጥሜ ነው የተማርኩት። ሩጫ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችሁን ክብደት እጥፍ የሚበልጥ ጫና እግር ላይ ያሳርፋል። ልብ በሳምንታት ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቃችሁ ግቡበት። በተቻለ መጠን ከአስፋልት ወጣ ብላችሁ አፈር ላይ ሩጡ።

ቦታ አይጠፋም። እኔ የምወደው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ እግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። በደህና እርምጃ አንዱን ጫፍ ከሌላው ለማድረስ አራት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ርቀቱ ስለማይለዋወጥ ራስን ለመለካት ይመቻል። ዳገት የፈለገ ወደ ቤዛዊት ይውጣ። ከላይ ሆኖ አባይን ማየት ድካሙን ያስረሳል። ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ የታደላችሁ ናችሁ። ብስክሌት ጉልበት ላይ እንደ ሩጫ አይከብድም፣ ወደ ሥራ የምትሄዱበት 15 ደቂቃ ጠበቅ አድርጋችሁ ከነዳችሁ ይቆጠራል።

ስለ ሐይቁ ሦስት ነገር ልበል። ጎህ ሳይቀድ ወደ ደንገሉና ወደ ውሃው ጠርዝ አትጠጉ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ወደ ውሃው በሚመለስበት መንገድ ላይ መቆም አደገኛ ነው። ሁለተኛ፣ ዋና ጥሩ ካርዲዮ ቢሆንም የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ሦስተኛ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። አመሻሽ ላይ የምትራመዱ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ

ሳምንቱ ሲጨናነቅ ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት ግድ ይሆናል። ያኔ ጡንቻውን አስቀድሙ። በደከመ እግር ጀሪካን ማንሳት አቋም ያበላሻል፤ በደከመ እግር ቀስ ብሎ መራመድ ግን አይጎዳም። ከተቻለ ደግሞ አራርቋቸው። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ።

"ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል" የሚል ወሬ በብዛት ትሰማላችሁ። መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ሂክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለ10 ሳምንት ሰዎችን አሠለጠነ። አንደኛው ቡድን የጡንቻ ሥራ ብቻ፣ አንደኛው ካርዲዮ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሠራ። የሦስተኛው ቡድን ጉልበት እስከ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ጨመረ፣ ከዚያ ቆመ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወረደ። ታዲያ ወሬውን የሚያወሩት የሚረሱት ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች በሳምንት 5 ቀን ክብደት፣ በዚያ ላይ 6 ቀን ከባድ ካርዲዮ ይሠሩ ነበር። የእናንተ ሁለት ቀን ጀሪካንና ሦስት ቀን እርምጃ እዚያ አይደርስም። ጀማሪ ሁለቱንም እየሠራ በሁለቱም ያድጋል። ስለዚህ ጡንቻዬን ይበላብኛል ብላችሁ እርምጃችሁን አትተዉ።

ስምንቱ ሳምንት እንዴት ይሄዳል

በመጀመሪያው ሳምንት ካርዲዮው በሦስቱም ቀን 15 ደቂቃ ነው። አዎ፣ ትንሽ ነው። እንዲህ ትንሽ የሆነው በሁለተኛው ሳምንት ደግማችሁ እንድትመጡ ነው። በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 25። በአራተኛው አትጨምሩ፣ 25 ላይ ቆዩ። ሰውነት የሚያርፍበት ሳምንት ነው። በአምስተኛው 30፣ በስድስተኛው 35፣ በሰባተኛው 40። በስምንተኛው ማክሰኞና አርብ 45፣ ቅዳሜ 60 ደቂቃ። ድምሩ 150 ነው።

የጡንቻው ሁለት ቀን አይለወጥም። ዙሩ ብቻ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከሁለት ወደ ሦስት ያድጋል። በአራተኛው ሳምንት እሱንም ወደ ሁለት መልሱት። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በነገታው እጥፍ አትሥሩ፣ ያለፈውን ትታችሁ ከፕሮግራሙ ቀጥሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ካመለጠ ደግሞ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሱ።

ክረምትና ጾም

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናቡ እቅድ ያፈርሳል። የጡንቻው ሥራ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይነካም። ለካርዲዮው ገመድ ዝላይ ያዙ፦ 20 ሰከንድ ዘላችሁ 40 ሰከንድ እረፉ፣ ለ10 ደቂቃ። ከዚህ የሚያስደስተው ግን እስክስታ ነው። የጎጃም ዘፈን ከፍታችሁ አራት አምስቱን ሳታቋርጡ ውረዱት። ከቤተሰብ ጋር ሲሆን 20 ደቂቃ መድረሱ አይታወቅም። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ ውጭ አትሥሩ፣ ጠዋቱን ተጠቀሙ፣ ውሃ ያዙ።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ጠዋት ላይ ቀላል እርምጃ ብቻ ይሁን። የጡንቻውን ሥራ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ አመሻሽ ላይ ሥሩ፣ ዙሩንም ወደ ሁለት ዝቅ አድርጉ። በስቅለት ሳምንት ስኳት አትያዙ። ስግደት ጸሎት ነው፣ ከስፖርት ጋር አይቆጠርም፤ የጭን ጡንቻ ግን በእርግጥ ይሠራል፣ ማረፊያ ይስጡት። በረመዳን የምትጾሙ ደግሞ ከአፍጥር በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት ቀስ ያለ እርምጃ፣ ከአፍጥር በኋላ ምግቡ ሲረጋ የጡንቻ ሥራ ይመቻል።

ምግቡን አታወሳስቡት። ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ መቶ ግራም የበሰለ ምስር 9 ገደማ፣ ያንኑ ያህል የበሰለ የጣና ቆሮሶ ከ20 በላይ። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየማዕዱ ይኑሩ፤ እንጀራው ሰፍቶ ወጡ ቀለም ብቻ እንዳይሆን። የፕሮቲን ዱቄት መግዛት በዚህ ደረጃ ለምንም አያስፈልግም።

የቱ ሕመም ደህና ነው?

ከመጀመሪያው ሰኞ በኋላ ማክሰኞና ረቡዕ ጭናችሁ ይተሳሰራል። ሁለቱም እግር እኩል ነው፣ ሲነኩት ያማል፣ ስትንቀሳቀሱ ይቀላል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል። ደህናው ይሄ ነው፤ የማክሰኞው እርምጃ እንዲያውም ያፍታታዋል። በአንድ ወገን ብቻ የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ላይ ያለ፣ እብጠት ያለው፣ ወይም እየሠራችሁ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያንን እንቅስቃሴ ተዉት፣ ሌሎቹን ቀጥሉ። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ ታዩ። እኔ ቅልጥሜ በመጀመሪያው ቀን ሲጠዘጥዘኝ አርፌ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ነበር የሚፈጀው።

ሚዛኑን በቁጥር እዩት

ከመጀመራችሁ በፊት ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንደኛ፦ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ትነሳላችሁ? ሁለተኛ፦ አዲሱን ድልድይ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ማለትም 1,520 ሜትር፣ ሳትሮጡ ስትራመዱ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ድልድዩ ከራቃችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ የማይለወጥ ዙር ምረጡ። የእኔ የመጀመሪያ ቀን 13 ጊዜና 18 ደቂቃ ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱንም ድገሙ። ሁለቱም ከተሻሻሉ ፕሮግራሙን ሳትነኩ ቀጥሉ። ደቂቃው አጥሮ የወንበሩ ቁጥር ካልጨመረ ጡንቻው ተበድሏል፤ ቅዳሜን ሦስተኛ የጡንቻ ቀን አድርጉትና ረጅሙን እርምጃ ወደ እሁድ ከሰዓት አዙሩት። የወንበሩ ቁጥር ጨምሮ ደቂቃው ካላጠረ ረቡዕን 20 ደቂቃ ፈጠን ላለ እርምጃ ስጡት። እኔ በስምንተኛው ሳምንት 19 ጊዜና 16 ደቂቃ ጻፍኩ። ለእማማ ሳሳያቸው ደብተሩን አላዩትም። ባለ 20 ሊትሩን እስከ አፉ ሞልተው "እስቲ ይቺን ወደ ማጀት አስገባልኝ" አሉኝ።